ፍልሰታ በሲኞራ ጁሊያና ገበታ

እኛ ሀበሾች ሰው እንጠይቃለን እንጂ አገር አንጎበኝም። ይህን የምለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ራሴን መርምሬ ነው። ጄኔቭ መኖር ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት ሊደፍን ጥቂት ቀርቶታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያልረገጥኩት የአውሮፓ ከተማ የለም ብል ብዙም አላጋነንኩም። ምን አየህ ብትሉኝ ግን መልስ የለኝም። ፍራንክፈርትን የማውቃት በክርስትና ነው። ስቶክሆልምን በለቅሶ። ብራስልስን በሠርግ፣ ያውም ሁለት ጊዜ፤ ሙሽራው ግን አንድ ሰው ነበር። ፓሪስማ ስድስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ያ ዓለም ሁሉ የሚሳለመው የብረት ማማ ከአክስቴ ልጅ ሳሎን መስኮት ስለማይታይ እስከ ዛሬ አልተዋወቅንም። ከባቡር እንወርዳለን፣ ዘመድ ይቀበለናል፣ ቤት እንገባለን፣ እንበላለን፣ እንደ ጉዳዩ እናለቅሳለን ወይም እንጨፍራለን፣ ዘመድ ይሸኘናል። ከተማዋ ራሷ መምጣታችንንም መሄዳችንንም አትሰማም።

ፈረንጆቹ እንዲህ አይደሉም። እኛ በምንኖርበት በለዛቫንሼ፣ ሰኔ ሲገባ ሊፍት ውስጥ ያገኛችሁት ሁሉ ስለ ዕረፍታችሁ «ለቫካንስ ወዴት ናችሁ?» ይላችኋል። ጥያቄ እንዳይመስላችሁ፤ እንደኛ «እንደምን አደራችሁ» ያለ ሰላምታ ነው። «የትም» ብላችሁ የመለሳችሁ እንደሆነ ሊፍቱ በዝምታ ይሞላል። እጃችሁን ጨብጠው «እግዜር ያጥናችሁ» ሊሏችሁ ትንሽ ነው የሚቀራቸው። እኔ ለብዙ ዓመታት «የትም» እያልኩ ስጽናና ኖሬ ባለፈው በጋ በቃኝ አልኩ። በጋ ስላችሁ የነሱን በጋ ነው፤ የኛማ ክረምቱ ነበር። ይህችን ልዩነት ያዙልኝ፣ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእሷ ነው።

ባለቤቴ ስንዱ ትባላለች። ኦ ቪቭ በሚባለው የጄኔቭ ሰፈር ባለ አንድ የዲፕሎማት ቤት ሃያ ሦስት ዓመት አብስላለች። ዲፕሎማቶቹ በየአራት ዓመቱ ይቀያየራሉ፤ ስንዱ ግን ከነድስቷ ለተተኪው ትተላለፋለች። ላዛኛዋ ዝነኛ ነው። ለስድስት ወር ያልተነጋገሩ ሁለት አምባሳደሮች በእሷ ላዛኛ ላይ «ትንሽ ጨምሪልኝ» ሲሉ እኩል አፍ ከፍተው፣ በዚያው ሳቅ ታረቁ ይባላል። ጣልያን አገርን ግን ያየችው በፓስታ ካርቶን ላይ ብቻ ነው። እኔም ብሆን በዲፕሎማሲው ዓለም ሃያ ሁለት ዓመት አገልግያለሁ። የመኪና በር እየከፈትኩ ማለቴ ነው። አትናቁት። በሩ ካልተከፈተ ድርድር የለም።

እናም ማንንም ሳላማክር፣ የቤት አስተዳዳሪ እንደሚገባው፣ ጉዳዩን በራሴ ወሰንኩ። ባቡር ቆረጥኩ። ሰሜን ጣልያን፣ ፒየሞንቴ በሚሉት አገር፣ በወይን ኮረብቶች መካከል አንዲት ሴትዮ እንግዳ የምትቀበልበት የገበሬ ቤት አገኘሁ፤ መኝታ፣ ቁርስና እራት ያለው፣ ዐሥር ቀን። ቀኑን የመረጥኩት ሳሎን ከተሰቀለው፣ ተራራና ላም ካለበት ከፋርማሲው ካላንደር ላይ ነው። ሌላ ካላንደር እንዳለን አላጣሁትም፤ ከቤተ ክርስቲያን የመጣው፣ በዓላቱና አጽዋማቱ በቀይ የተጻፉበት። እሱ ግን ወጥ ቤት ነው የተሰቀለው። በሰው ግዛት ደግሞ ጣልቃ አልገባም።

ምስጢሩን የገለጥኩት እሑድ ቀን፣ ላንሲ በሚባለው ሰፈር፣ ልጃችን ሕሊና ቤት ምሳ ላይ ነው። ሕሊና ካገባች ስምንት ዓመቷ ነው። ስምንቱንም ዓመት ልጅ ሲጠበቅ፣ ሲለመን፣ ሐኪም ሲቀየር ኖሮ፣ ያን ጊዜ በእግዚአብሔር ቸርነት የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ቆምኩ፤ ብርጭቆ በሹካ መታሁ፤ «ስንዱ፣ ከነሐሴ ሁለት ጀምሮ ጣልያን ነሽ» አልኩ። ጭብጨባ ጠበቅሁ።

«አባዬ፣ ሜ ኖን! ኧረ አይሆንም!» አለች ሕሊና። «ፍልሰታ ነው እኮ!»

ይቺ ልጅ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት። ሐምሌና ነሐሴ የትኛው ቀድሞ እንደሚመጣ ብትጠየቅ ስልኳን ነው የምታየው። የዚያን ዓመቷን ፍልሰታ ግን ታውቃለች፤ በእሷ ስም የተገባ ስለት አለባታ! ስንዱ ለእመቤታችን ተስላለች። ልጄን በሰላም ብትገላግይልኝ፣ ይህችን ፍልሰታ አንድም ቀን ሳላጎድል፣ በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ ሳልቀምስ እጾምልሻለሁ ብላ። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ፣ ዕንቁላል የለ። እኔ ደግሞ ያቺን ሴት ይዤ የምሄደው ወደ ቅቤ፣ ወደ አይብና ወደ ዕንቁላል አገር ነው። ኋላ እንደተረዳሁት፣ በጣልያን ውስጥ የወይራ ዘይቱን ገፍቶ በቅቤ የሚያበስል ክፍል ቢኖር አንዱ ፒየሞንቴ ነው። ፈልጌ ብመርጥ እንዲህ አልመታውም ነበር።

«መሰረዝ ይቻላል?» አለችኝ ስንዱ።

«አይቻልም።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ሃያ ሦስት ዓመት የተቃጠለ ወጥ ሳታስነቃ ስታድን የኖረች ሴት ናት። «እንግዲህ ጾም ቪዛ አይጠየቅ፤ ይዤው እሄዳለሁ» አለች። ቀጥላም ጣቷን ቀሰረችብኝ። «ግን ለማንም እንዳትናገር። ጾም ለሰው ከተነገረ ዋጋውን እዚሁ በላ ማለት ነው። ይህቺ ደግሞ የኔ አይደለችም፣ የልጄ ናት።»

ማልኩላት።

እኔ በበኩሌ መንገደኛ ጾም አይገደድም ሲባል ሰምቻለሁና፣ ነገሩን ለማጣራት የንስሐ አባታችንን በትሕትና ጠየቅኋቸው። ከእግሬ እስከ ራሴ አይተው «ልጄ፣ መንገደኛ የተባለው በእግሩ ሲሄድ ስንቅ ያለቀበት ነው» አሉኝ። «አንተ የምትሄደው ልትበላ ነው።» ሊቅ ናቸው። በዚህ ምክንያት እኔም ከሚስቴ ጋር ልጾም በልቤ ቆረጥኩ። በልቤ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ስለ ጉዞው ምን ልንገራችሁ! ከጄኔቭ የተነሣው ባቡር ሐይቁን ጎን ለጎን ይዞ ሄዶ ሄዶ፣ ተራራ ሥር ገብቶ ጨለመ፤ ሲወጣ ዓለም ተቀይሮ ጠበቀን። ፀሐይዋ ያቺው ፀሐይ ናት፣ ግን እዚያ ማዶ ፈረቃ ገብታ የምትሠራ ነበር የምትመስለው፣ እዚህ እጅጌዋን ሰብስባ በደስታ ታበራለች። ሌላ ሐይቅ መጣ፤ መሐሉ ላይ ደሴት፣ ደሴቷ ላይ ቤተ መንግሥት፣ ከዚያ ሁሉ ላይ አበባ። ስንዱ ግንባሯን መስኮቱ ላይ ለጥፋ «በስመ አብ!» አለች። ሚላኖ ላይ ባቡራችን ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ዘገየ። ይህ ዙሪክ ቢሆን ኖሮ ሰው እርስ በርሱ ይተያያል፣ ሰዓቱን ያናውጣል፣ የአንድ ዘመን ፍጻሜ ይመስለዋል። እዚህ ግን ሁሉም ቡናውን ጠጣ፣ ባቡሩም መጣ። ከዚያ ትንሽ አውቶቡስ ያዝን። የኔ ጣልያንኛ ሹፌር በነበርኩበት ሞያ ላይ የተወሰነ ነው፤ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ጎማ፣ ስኮርታ፣ ባሌስትራ፣ ፖርቶ መጋላ። በነዚህ ሰባት ቃላት ከሾፌሩ ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ ሳንታክት ተጫወትን። ስንወርድ አቀፈኝ። ከሰባቱ አራቱ ያሳስቡት ኖረዋል።

ኮረብቶቹ እንደ ተበጠረ ጠጉር በወይን ተሰልፈዋል። በየጫፋቸው አንዳንድ መንደር፣ በየመንደሩ አንዳንድ የደወል ቤት። ጠዋት ጠዋት ሰማዩ ሲጠራ፣ ትተናቸው የመጣናቸው የስዊስ ተራሮች በሩቁ ነጭ ሆነው ይታያሉ። ከዚህ ሆነው ሲያዩዋቸው የቤት ኪራይ የማይጠይቁ ዓይነት ናቸው።

የቤቱ ባለቤት ሲኞራ ጁሊያና ትባላለች። ሰባ አምስት ዓመት ያለፋት፣ አጭር፣ ክንዷ እንደ ሙቀጫ ዘነዘና የጠነከረ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ፈረንሳይኛ ስታናግረን ደነገጥን። ለካ በልጅነቷ ጄኔቭ መጥታ ለአምስት ዓመት የሰው ቤት ሠርታለች። የት ብትሉ ኦ ቪቭ! ስንዱ የምትሠራበትን መንገድ ስትነግራት ሲኞራ ጁሊያና እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ጥጉ ላይ ዳቦ ቤት አለ?» አለች። «አለ» አለቻት ስንዱ። ከዚያ ወዲያ እኔ የሻንጣ ተሸካሚ ሆንኩ።

የመጀመሪያው እራት ቀረበ። እግዚኦ! እንደ ወረቀት ሳስቶ የተቆረጠ የበሬ ሥጋ፤ ሦስት ዓይነት አይብ፣ አንደኛው የሚያለቅስ፤ ዕንቁላል ብቻ ጠጥቶ ያደገ የሚመስል ቢጫ ቀጭን ፓስታ፣ በላዩ ላይ ቅቤ እንደ ወንዝ የሚወርድበት። ሲኞራዋ ከራሳችን በላይ ቆማ እጇን አጣጥፋ ፊታችንን ታያለች። ይህን አቋቋም አውቀዋለሁ። ስንዱ አምባሳደሮቹ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲጎርሱ ከበሩ ጀርባ የምትቆመው እንዲሁ ነው።

ስንዱ ዳቦ ቆረሰች፣ ቲማቲም ወሰደች፣ ፈገግ አለች። ሲኞራዋ ወጥ ቤት ደርሳ ስትመለስ የስንዱ ሳህን እንዳለ ነው። ፊቷ ጠቆረ። ሳህኑን አነሣች፤ ያልጣማት መስሏት አይብ ጨመረችበት፤ መልሳ አስቀመጠችው።

«ብላልኝ» አለችኝ ስንዱ በአማርኛ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

«እኔም እኮ በልቤ እየጾምኩ…»

«የሴትዮዋን ልብ አትስበርብኝ። እኔ አብሳይ ነኝ፣ ሙሉ ሳህን ሲመለስ ምን እንደሚሰማ አውቃለሁ። ብላልኝ ስልህ!»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ባል ለሚስቱ የማያደርገው ምን አለ? በዚያች ቅጽበት ጾሜን ስለ ሌላው ሰው ብዬ ሠዋሁ። ሲኞራዋ ዞር ስትል ሳህኖቹን ለወጥን፤ ስትመለስ የስንዱ ሳህን ባዶ ነበር። በማግስቱም እንዲሁ። በሠልሱም። ጥጃ ሥጋ በዓሣ መረቅ ሠዋሁ። በሥጋ የተሞላ ጥፍር የሚያህል ፓስታ፣ ሰላሳ ሰላሳውን እየቆጠርኩ ሠዋሁ። ሃዘልነት በሚሉት የአገሩ ለውዝ የተሠራ ኬክ ሠዋሁ። አምስተኛው ቀን ላይ ቀበቶዬን አንድ ቀዳዳ ወደ ኋላ ሠዋሁት። እንዲህ ያለ ምግብ ይህች ምድር ላይ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ለፍቅር የሚከፈል መሥዋዕት እንዲህ ይጣፍጣል እንዴ?

ስንዱም ብትሆን አልተጎዳችም። ጠዋት ከዋርካ በማያንስ የፈረንጅ ለውዝ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ውዳሴዋን ታደርሳለች። ቀን እንዞራለን። ቶሪኖ ወርደን፣ ዝናብ ቢመጣ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ሳይበሰብሱ የሚሄዱበት ቅስት ቅስት ጣራ ሥር ስንንሸራሸር ዘጠኝ ሰዓት ሞላ። የጀላቶ መሸጫ አጠገብ ነበርን። ስንዱ ሻጩን «ወተት የሌለበት የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀችው። ጄኔቭ ቢሆን ፎርም ይሞላ ነበር። ይህ ሰው ግን ማንኪያውን አስቀምጦ እንደ ሐኪም አሰበ፤ ከዚያ «ሎሚው። ውሃ፣ ስኳርና ሎሚ ብቻ ነው፤ በእናቴ እምላለሁ» አላት። ስንዱ ያንን ነጭ የሎሚ በረዶ ስትቀምስ ዓይኗን ጨፈነች። ሃያ ሦስት ዓመት ለሰው ስታቀርብ ኖራ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ለእሷ ብሎ ሲጨነቅላት ማየቴ ነው። ዘወር ብዬ ሕንፃ ማየት ጀመርኩ። ሕንፃው ደብዘዝ አለብኝ።

ማታ ማታ ክፍላችን ውስጥ ደግሞ ቆሎዋ አለ። ዙሪክ ያለችው ታናሽ እህቷ ሙሉ፣ ገብስ ቆልታ በትልቅ ላስቲክ ልካላታለች። ከዳቦና ከቲማቲሙ በላይ የምትቆየው በእሱ ነው።

ስድስተኛው ቀን ላይ በሲኞራዋ ጠባይ ለውጥ አየሁ። የኔ ሳህን አነሰ። የስንዱ ሳህን ተራራ ሆነ። ለእሷ «ውዴ» ስትል ለኔ ዳቦውን ከሩቅ ትወረውራለች ማለት ይቻላል። አንድ ጠዋት ከስንዱ መሀረብ ውስጥ የተጠቀለለ አይብ አገኘን፤ ሲኞራዋ በድብቅ ሻጥ አድርጋላት ነው። እኔ ብዙ አገር ያየሁ ሰው ስለሆንኩ አልተደነቅሁም። የአገሩ ባህል መሆን አለበት አልኩ። አንዳንድ አገር ትልቅ ሰው በጥቂቱ ነው የሚቀርብለት።

ከዚያ ትልቁ ቀን መጣ። እኛ እመቤታችን ወደ ሰማይ የወጣችበትን በዓል የምናከብረው ነሐሴ ዐሥራ ስድስት፣ ጾሙን ስንፈታ ነው። ጣልያኖቹ በፈረንጅ ኦገስት ዐሥራ አምስት፣ ማለት በኛ ነሐሴ ዘጠኝ ያከብሩታል። በዓሉ ያው በዓል፣ እመቤቲቱም ያቺው እመቤት ናት፤ እኛ ግን ገና መንገድ ላይ ሳለን እነሱ ደርሰው ድግስ ላይ ናቸው። የለውዙ ዛፍ ሥር ረጅም ገበታ ተዘረጋ። ጎረቤቶች ከነልጅ ልጆቻቸው መጡ። የበግ ጥብሱ ሽታ ኮረብታውን ሁሉ ሞላው። ሳህን ይዞራል፣ ሁሉም ይቀዳለታል። እኔ ዘንድ ሲደርስ ዘሎኝ አለፈ።

ተሳስተው ነው ብዬ ሳህኔን አነሣሁ።

ሲኞራ ጁሊያና ጭልፋዋን እንደያዘች ተነሣች። «ለዚህ ሰው አይቀዳለትም!» አለች። ሰባት ቀን ሙሉ «እርስዎ» ስትለኝ የኖረች ሴት በአንድ ጊዜ ወደ «አንተ» ወረደች። «ዓይን የለኝም መሰለህ? የሚስትህን ሳህን ከፊቷ እየወሰድክ ስትበላ በየማታው ከወጥ ቤት መስኮት አይቼሃለሁ። ቁርስ አትሰጣት፣ ምሳ አትሰጣት። ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ብላ የቆሎውን ላስቲክ ከሽርጧ ኪስ መዘዘችና ገበታው ላይ ዘረገፈችው። «አልጋ ሳነጥፍ ነው ያገኘሁት። ሚስትህን በዶሮ ጥሬ ነው የምታኖራት?»

አንድ ሽማግሌ ገበሬ አንዲት ፍሬ አንሥቶ ቆረጠመና «ገብሱስ ጥሩ ገብስ ነው» አለ። ማንም አልሳቀም።

«እኔ ኦ ቪቭ ሳለሁ» አለች ሲኞራዋ፤ «እነሱ ሲበሉ ቆሜ ነበር የማያቸው። እኔ ያበሰልኩትን። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ አንቺስ ብሎ አልጠየቀልኝም። በኔ ቤት፣ በእመቤታችን በዓል፣ ይህ አይሆንም!»

ነገሩን ተረዱልኝ። ስንዱ አንድ ቃል ብትናገር ነፃ እወጣለሁ፤ ጾሟ ግን ተነገረ፣ የልጃችን ስለት ላላ ማለት ነው። ዝም ብትል ስለቷ ይጸናል፤ እኔ ግን በዚያ ኮረብታ ላይ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ፣ ሚስቱን በዶሮ ጥሬ የሚያኖር ሰው ሆኜ እቀራለሁ።

«ተናገሪ እንጂ!» አልኳት በአማርኛ።

«ቆይ፣ እያሰብኩበት ነው» አለችኝ።

ሠላሳ አራት ዓመት የኖረ ትዳር ሚዛን ላይ ወጣ። እንደጠበቅሁት ቶሎ አልደፋም። እውነቱን ለመናገር በኔ በኩል የደፋም አይመስለኝም። ስንዱ የምታየው እኔን አልነበረም፤ ጭልፋ የያዘውን የሲኞራዋን እጅ ነበር። ስንዱ ተነሣች፣ ገበታውን ዞረች፣ ጭልፋውን ከእጇ ቀስ ብላ ተቀበለቻትና ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብላ አንሾካሾከችላት። ለአንድ ሰው፣ በጆሮ። ይህ እንደ መናገር ይቈጠር አይቈጠር ሊቃውንቱ ይፍረዱት።

ሲኞራ ጁሊያና እየሰማች ዓይኗ ሰፋ። አማተበች። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ገባች፤ አንዲት ትንሽ የሸክላ ድስት ይዛ ወጣች። ውስጡ ሽምብራ ነው፤ በነጭ ሽንኩርት፣ በጥብስ ቅጠል መሳይ ቅጠልና በወይራ ዘይት የተቀቀለ። ለካ ትናንት ዋዜማውን እሷም ጾማ ኖሯል! እናቷ ትጾም እንደነበረው፣ ለማንም ሳትናገር፣ ለኛ ያንን ሁሉ ቅቤ አቅርባ፣ ወጥ ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ቁጭ ብላ ሽምብራዋን በልታለች። አንድ ጣራ ሥር ሁለት ሴቶች ለአንዲት እመቤት ተደብቀው ሲጾሙ፣ የሁለቱን ድርሻ የበላሁት እኔ ነኝ።

ተቃቅፈው አለቀሱ። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበርና ስንዱ ከሽምብራው ቀመሰች። «ወይኔ!» አለች። ያን ቀን የቀመሰችውን ያህል የጣማት ምግብ እንደሌለ እስከ ዛሬ ትናገራለች።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለሁላችንም መልካም ነበር። ሲኞራዋ ግን እንባዋን ጠርጋ ወደኔ ዞረች። «እሱስ? ክርስቲያን አይደለም?»

ገበታው ሁሉ አየኝ። ስንዱ እኔን ለማዳን ተነሣች፣ አዳነችኝም። «እሱም ጿሚ ነው» አለች። «እስካሁን የበላው እርስዎ እንዳይከፋዎት እኔ ለምኜው፣ ስለኔ ብሎ ነው። ከእንግዲህ አይበላም።»

ሲኞራ ጁሊያና ሁለት ጉንጬን ሳመችኝ። ይቅርታ ጠየቀችኝ። ጎረቤቶቹ ትከሻዬን መቱ፤ ያ ሽማግሌ ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀልኝ። ከዚያ ሲኞራዋ በክብር፣ በፍቅር፣ በሁለት እጇ፣ ፊቴ ገበታው ላይ የነበረውን የበግ ጥብስ ሳህን አነሣችና ሽምብራ አስቀመጠችልኝ። ስሜ የተመለሰው በዚያች ቅጽበት ነው። ጥብሱም የሄደው በዚያችው ቅጽበት ነው።

የቀሩትን ቀናት ሲኞራዋና ስንዱ ወጥ ቤት ዘግተው ዋሉ። ባቄላ ከቲማቲም ጋር፣ ቃሪያ በእሳት ተጠብሶ፣ ዳቦ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት፣ ዕንቁላል የሌለበት ፓስታ። «የድሆች ምግብ ነው» ትላለች ሲኞራዋ፤ «እናቴ ነበረች የምትሠራው፣ እንግዳ አይወደውም ብዬ ትቼው ነበር።» እኔ ምዬ እነግራችኋለሁ፣ ከሥጋው ይበልጥ ነበር። በርግጥ ይህን የምለው ሥጋውን ቀድሜ ስለጨረስኩ ሊሆን ይችላል።

ስንመለስ በዙሪክ በኩል ነበር። የስንዱ እህት ሙሉ ባቡር ጣቢያ ተቀበለችን፤ እንግዲህ ዘመድ አልለቀቀንም። «እስቲ ጋሼ፣ ጣልያን ምን በላችሁ?» አለችኝ ገና ቦርሳዬን ሳላወርድ።

«ሽምብራ» አልኳት።

እህቷን አየቻት፤ እኔን አየችኝ። «ውይ፣ እኔም እኮ የፓስታው መሰልቸት እንዲወጣላችሁ ብዬ ሽሮ ሠርቻለሁ» አለች። በላን። እስከ ነሐሴ ዐሥራ አምስት ድረስ ከስንዱ ጋር እኩል ጾምኩ። ማን ይታዘበኛል ብዬ እንዳልተው፣ ያ ሽማግሌ ባርኔጣውን ያወለቀልኝ ሰው ነኝ።

መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሕሊና በሰላም ተገላገለች። ሴት ልጅ፣ ጠጉሯ የሞላ፣ ጩኸቷ ኮሪደሩን የሚያናጋ። ስንዱ ሕፃኗን ታቅፋ ግንባሯን ሳመች። ከዚያ ስልክ አውጥታ መጀመሪያ የደወለችው ለእህቷ አይደለም፤ ለሲኞራ ጁሊያና ነው። ሁለቱ አብሳዮች በወጥ ቤት ፈረንሳይኛቸው እየተላቀሱና እየተሳሳቁ ግማሽ ሰዓት አወሩ። እኔም የስለቱ ተካፋይ ነኝና፣ የምስጋናው ድርሻ ይደርሰኛል ብዬ አጠገቧ ቆሜ እጠብቃለሁ። በመጨረሻ ስንዱ «አንተን ትፈልግሃለች» ብላ ስልኩን ሰጠችኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ሙስዬ፣ እንኳን ደስ ያለዎ» አለችኝ ሲኞራ ጁሊያና። «ጾሙ አለቀ አይደል?»

«አልቋል፣ ሲኞራ።»

«ስንዱ እየበላች ነው?»

«በደንብ እየበላች ነው፣ ሲኞራ።»

«እስቲ ስልኩን ይመልሱላት» አለችኝ፤ «ከራሷ አፍ ልስማው።»